ቴምብር ሰብሳቢው ፕሬዚዳንት
የፍራንክሊን ሩዝቬልት ሕይወት ከአልበማቸው ጎን ሲታይ

በፖስታ ቤት መስኮት በስተጀርባ ተቀምጦ ያገለገለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ደንበኛ ያውቃል። ይህ ደንበኛ ደብዳቤ ለመላክ አይመጣም። አዲስ የመታሰቢያ ቴምብር የሚወጣበትን ዕለት ከሠራተኛው አስቀድሞ አውቆ፣ በሩ ሳይከፈት ደርሶ፣ ባዶ ኤንቨሎፖቹን በደረቱ አቅፎ ይጠብቃል። ቴምብሩን በቀኝ ማዕዘን ላይ ቀጥ አድርጎ ከለጠፈ በኋላም ቀለሙ ሳይፈስ፣ ቀኑ ጎልቶ ማኅተም እንዲመታለት ይለምናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሥራው መጀመሪያ ዘመን የአንድ ሽማግሌ ደንበኛ ኤንቨሎፕ በችኮላ መትቶ ስላበላሸባቸው፣ ሽማግሌው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ኤንቨሎፑን በኪሳቸው ከትተው መውጣታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች መካከል በዓለም ላይ እጅግ የታወቁት የዩናይትድ ስቴትስ 32ኛው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ናቸው። ስለ ፖለቲካቸው፣ ስለ ኢኮኖሚው ድቀትና ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ስለ ተጻፉ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለንም። ይሁን እንጂ በፖስታ ሥራ ላይ ለቆየን ሰዎች የእኒህ ሰው ሕይወት ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ዕድሜውን ሙሉ ቴምብር ሲሰበስብ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን ቴምብር የማውጣት ሥልጣን በእጁ ሲገባ ምን ያደርጋል? በሩዝቬልት ታሪክ የዚህ መልስ ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ የሚያስመሰግን፣ ሌላው የሚያስወቅስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ሩዝቬልት ጃንዋሪ 30 ቀን 1882 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በሐድሰን ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በሃይድ ፓርክ ተወለዱ። ለእናታቸው አንድያ ልጅ ነበሩ። የቴምብር ፍቅርም በእናታቸው በኩል የመጣ ውርስ ነው ለማለት ያስደፍራል። እናታቸው ሣራ ዴላኖ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በቻይና ንግድ ሀብት ያፈሩት አባታቸው ወደሚሠሩበት ወደ ሆንግ ኮንግ በመርከብ ተጉዘው ነበርና፣ በልጅነታቸው ቴምብር የማጠራቀም ልማድ አደረባቸው። ኋላ ስብስባቸውን ለታናሽ ወንድማቸው ለፍሬዴሪክ ሰጡ፤ ፍሬዴሪክም በበኩላቸው የእኅታቸው ልጅ ከመሰብሰብ የማይቦዝን መሆኑን ባዩ ጊዜ ለእርሱ አስተላለፉለት። የሆንግ ኮንግ ቴምብሮች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከሚወድዷቸው መካከል መሆናቸው እንግዲህ ምክንያት አለው። ሕፃኑ ፍራንክሊን የአገሮችን ስም፣ የነገሥታትን መልክና የገንዘብን ዓይነት ከአልበሙ ተማረ፤ ሲያድግም በዓለም ካርታ ላይ ትንንሽ ደሴቶችን ሳይቀር ለይቶ የሚያውቅ ሰው ወጣው።

ጠበቃ፣ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባል፣ ከ1913 ጀምሮም የባሕር ኃይል ረዳት ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ አልበሙ ከቦታው ነበረ፤ የሕይወታቸው ምሰሶ ግን ገና አልነበረም። ምሰሶ የሆነው በኦገስት 1921 ከደረሰባቸው መከራ በኋላ ነው። በዚያ ወር በካናዳ በካምፖቤሎ ደሴት ለዕረፍት እንደ ሄዱ በ39 ዓመታቸው ታመሙ፤ ሐኪሞችም በሽታው ፖሊዮ ነው አሉ። ሁለቱም እግሮቻቸው ሰለሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ብረት ድጋፍና ያለ ሰው ክንድ መቆም አልቻሉም። ሲዋኙ፣ ሲጋልቡና በመርከብ ሲቀዝፉ የኖሩት ረጅም ጎልማሳ በአልጋ ላይ ቀሩ። በእነዚያ ረጅም ወራት ሁለት እጆቻቸውና ዓይኖቻቸው ብቻ ሊሠሩት ከሚችሉት ሥራ አንዱ ቴምብር መለየት ነበር። ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽርና የዋጋ መዘርዝር ካለ ሌላ የሚያስፈልግ የለም። ቴምብር መሰብሰብን የቦዘኔ ጨዋታ አድርገው የሚቈጥሩ ሰዎች ይህን የሩዝቬልትን ዘመን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ስብስባቸው ግን የባለ ጸጋ ስብስብ አልነበረም። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ብርቅ የሆኑ የግዛታቸውን ቴምብሮች በከፍተኛ ዋጋ እየገዙ የዓለምን አንደኛ ስብስብ ሲያደራጁ፣ ሩዝቬልት ከየቦታው የተገኘውን፣ ማኅተም የተመታበትንም ያልተመታበትንም፣ ርካሹን ሁሉ ይሰበስቡ ነበር። ከሞቱ በኋላ ሲቈጠር ከ1 ሚሊዮን በላይ ቴምብር ተገኘ፤ አብዛኛውም በገበያ ላይ እምብዛም የማያወጣ ነበር። ሰውየው የሚፈልጉት ብርቅነትን ሳይሆን ታሪክን ነበር ቢባል ስሕተት አይመስለንም።

በማርች 1933 ወደ ዋይት ሐውስ ሲገቡ አልበሞቹም አብረው ገቡ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከየአገሩ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ላይ ቴምብሮቹን እየቈረጠ ይልክላቸው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ማታ ከመተኛታቸው በፊት ከእነዚህ ጋር ጊዜ ያሳልፋሉ። ወደ ሩቅ አገር ሲጓዙም የቴምብር ሣጥናቸው ከሻንጣቸው አይለይም ነበር። የፖስታ ሚኒስትራቸው ደግሞ የምርጫ ዘመቻቸውን የመሩት ጄምስ ፋርሊ ነበሩ። በእነዚህ ሁለት ሰዎች ዘመን ማንኛውም አዲስ የቴምብር ንድፍ በፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ሳያልፍ አይታተምም ነበር ማለት ይቻላል። በ12 ዓመት ውስጥ የተመለከቷቸውና የፈቀዷቸው ቴምብሮች ከ200 ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም ለጥቂቶቹ በገዛ እጃቸው በእርሳስ ንድፍ አውጥተዋል።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1933 ለአድሚራል ሪቻርድ በርድ የደቡብ ዋልታ ጉዞ የወጣው የ3 ሳንቲም ቴምብር ነው። በዚህ ቴምብር የተለጠፈ ደብዳቤ በጉዞው መርከብ ተጭኖ፣ በበረዶው ምድር በተቋቋመው ሊትል አሜሪካ በተባለው ሰፈር ማኅተም ተመትቶበት እንዲመለስ የሚፈልግ ሰብሳቢ ከቴምብሩ ዋጋ በላይ 50 ሳንቲም መክፈል ነበረበት። ሰው ከተጠበቀው በላይ ኤንቨሎፕ ላከ። በዋልታው ያለው ሰፈር ይህን ሁሉ ሊመታ ስላልቻለ፣ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ቻርልስ አንደርሰን የተባለ ሠራተኛውን ሥራውን እንዲያጠናቅቅ እስከ ደቡብ ዋልታ ምድር ድረስ ላከ። በሥራችን ታሪክ ለማኅተም ሲባል የተደረገ ከዚህ የረዘመ የሥራ ጉዞ መኖሩን እንጠራጠራለን!

በሜይ 1934 የወጣው የእናቶች መታሰቢያ ቴምብርም ከሩዝቬልት ንድፍ የተነሣ ነው። መሠረቱ ዊስለር የተባለው ሠዓሊ የእናቱን መልክ የሣለበት፣ በፓሪስ ሙዚየም የሚገኘው ዝነኛ ሥዕል ነው። የቴምብሩ አዘጋጆች ግን ሥዕሉን ከዳር ቈርጠው፣ በእናቲቱ እግር አጠገብ በዋናው ሥዕል ላይ ያልነበረ የአበባ ማስቀመጫ ጨመሩበት። ሠዓሊዎቹ ተቈጡ፤ የሌላ ሰው ሥራ እንዲህ ሊነካ አይገባም ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። እኛም ፍርዳቸውን እንደግፋለን፤ አበባው ለእናቶች ቀን ታስቦ የተደረገ ቢሆንም ሥዕሉን አሳንሶታል።

ይሁንና የአበባው ነገር ከዚያው ቴምብር ጋር ተያይዞ ከመጣው ክርክር ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። እንደሚታወቀው ቴምብር ከማተሚያ ቤት ሲወጣ በሙሉ ወረቀት ታትሞ ነው፤ ሙጫ ተቀብቶ፣ ጥርስ ተበጅቶለት፣ ተቈርጦ ነው ወደ መስኮት የሚደርሰው። ፋርሊ አዲስ ቴምብር በታተመ ቊጥር ገና ሙጫና ጥርስ ያልተሠራለትን ሙሉ ወረቀት ከኪሳቸው በተጻፈበት ዋጋ እየገዙ፣ ፊርማቸውን እያኖሩበት ለፕሬዚዳንቱና ለጥቂት ወዳጆቻቸው፣ ለምሳሌም እንደ ፕሬዚዳንቱ ቴምብር ሰብሳቢ ለነበሩት ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢከስ፣ በስጦታ ይሰጡ ነበር። በእርሳቸው ዘንድ ይህ ንጹሕ ስጦታ ነበር፤ ዋጋው ተከፍሏልና። 200 የእናቶች ቴምብር በ3 ሳንቲም ሒሳብ 6 ዶላር ነው።

ፋርሊ ያላስተዋሉት ነገር ለሰብሳቢ በጣም ግልጽ ነው። ሌላ ሰው በምንም ዋጋ ከመስኮት ሊገዛው የማይችለው ነገር 6 ዶላር አይደለም፤ ከፍ ያለ ሀብት ነው። ከወረቀቶቹ አንዱ ከወዳጆች እጅ አምልጦ በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በኖርፎክ ከተማ በነጋዴዎች ዘንድ ብቅ አለ፤ የተጠራበትም ገንዘብ ከ6 ዶላር ጋር ፈጽሞ የሚገናኝ አልነበረም። ወሬው በሰብሳቢዎች መካከል ተዛመተ። የቴምብር ክበቦች ተሰብስበው የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉዳዩ ኮንግረስ ደርሶ የፖስታ ሚኒስትሩ ማብራሪያ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ተቃዋሚው የፖለቲካ ወገንም ነገሩን በደስታ አራገበው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የፋርሊ ብቻ ነበር ብሎ ማለፍ አይቻልም። ፋርሊ ቴምብር ሰብሳቢ አልነበሩም፤ የወረቀቱን ብርቅነት ባያውቁ ሊፈረድባቸው አይገባም። ፕሬዚዳንቱ ግን ከ40 ዓመት በላይ ሲሰበስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሙጫና ጥርስ የሌለው ሙሉ ወረቀት ምን ማለት እንደ ሆነ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በመንግሥቱ ውስጥ አልነበረም። ስጦታውን ሲቀበሉ ሰብሳቢው ፕሬዚዳንቱን አሸነፈው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አላገኘንለትም።

መፍትሔው በማርች 15 ቀን 1935 መጣ። የፖስታ መሥሪያ ቤቱ 20 ዓይነት ቴምብሮችን፣ ከእነዚህም ውስጥ የእናቶችን፣ የበርድንና በ1934 የወጡትን 10 የብሔራዊ ፓርኮች ቴምብሮች፣ በልዩ እትም አሳትሞ ያለ ሙጫ ለማንኛውም ገዢ በተጻፈበት ዋጋ ለሽያጭ አቀረበ። ብዙዎቹም እንደ ስጦታዎቹ ጥርስ አልነበራቸውም። የሚኒስትሩ ወዳጅ የነበረውና በሩቅ መንደር የሚኖረው አስተማሪ እኩል ሆኑ፤ የስጦታዎቹም ብርቅነት በአንድ ጊዜ ወደቀ። ሰብሳቢዎች እነዚህን ቴምብሮች የፋርሊ ጅልነት ብለው ሰየሟቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከጅልነቱ የወጣው ልማድ ግን ጥሩ ነበር፤ ለአንዱ የተሸጠ ለሁሉም ይሸጥ የሚል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሩዝቬልት የቴምብር ሥራ የተሻለ ምዕራፍ ነው። የመጀመሪያ ቀን ኤንቨሎፕ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘውም በዚሁ ጊዜ ነው። ቴምብር በወጣበት ዕለት የተመታ ኤንቨሎፕ መሰብሰብ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ በ1923 ለፕሬዚዳንት ሃርዲንግ መታሰቢያ ጆርጅ ሊን የተባለ ሰው በኤንቨሎፑ ላይ ልዩ ጽሑፍ አትሞ ነበር። ነገር ግን የቴምብሩ የመጀመሪያ ቀን መሆኑን የሚናገር ልዩ ማኅተም በአሜሪካ ፖስታ ቤት የተመታው በጁላይ 1937 ነው። በዚያን ዘመን ሰብሳቢው ኤንቨሎፑን ከቴምብሩ ዋጋ ጋር ቴምብሩ በሚወጣበት ከተማ ወዳለው ፖስታ ቤት አስቀድሞ ይልክ ነበር፤ ተለጥፎና ተመትቶም ይመለስለት ነበር። የከተማው ምርጫም ራሱ ትርጉም ያለው ነው። ለምሳሌ ጃፓን ቻይናን መውጋት ከጀመረች 5 ዓመት በሞላበት በጁላይ 7 ቀን 1942 የሊንከንንና የሱን ያት ሴንን መልክ የያዘው ቴምብር የወጣው በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በዴንቨር ነው፤ የ1911 የቻይና አብዮት ሲፈነዳ ሱን ያት ሴን በዚያች ከተማ ነበሩና።

በ1940 ዝነኛ አሜሪካውያንን የሚያስታውሱ 35 ቴምብሮች ወጡ። ከእነዚህ መካከል የ10 ሳንቲሙ የቡከር ቲ. ዋሽንግተን መልክ ነበረበት። በአሜሪካ ቴምብር ላይ የጥቁር አሜሪካዊ መልክ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያ ቀኑም በአፕሪል 7 ቀን ዋሽንግተን ራሳቸው ባቋቋሙት ትምህርት ቤት በታስኪጊ ተከበረ። በዚያን ጊዜ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁር ሰው በብዙ ፖስታ ቤት አካባቢ ከነጭ ጋር አብሮ በአንድ ምግብ ቤት ሊቀመጥ አይችልም ነበር። ቴምብሩ ሕጉን አልለወጠም፤ ሆኖም ነጩም ገበሬ ደብዳቤውን ሲልክ ጀርባውን ልሶ መለጠፍ ነበረበት።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1943 እና በ1944፣ በጠላት የተያዙትን አገሮች ባንዲራ የያዙ 13 ቴምብሮች ወጡ፤ ሐሳቡ የፕሬዚዳንቱ ነበር። ከፖላንድ ተነሥቶ በኮሪያ የተፈጸመው ይህ ተከታታይ እትም ብዙ ቀለም ስለሚጠይቅ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ሳይሆን በግል ኩባንያ ታተመ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከ13ቱ መካከል የአገሩን ባንዲራ ቢፈልግ አያገኝም። ምክንያቱ ግን የሚያሳዝን አይደለም፤ ከፋሺስት ወረራ መጀመሪያ ከተጠቁት አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ እትሙ በወጣበት ጊዜ ነጻነቷን ካስመለሰች 2 ዓመት አልፏት ነበር።

ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ ሩዝቬልት በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 በስዊዝ ካናል ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብለው አነጋገሩ። በዚያችው መርከብ ላይ ያነጋገሯቸው የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅም የታወቁ ቴምብር ሰብሳቢ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ በዚያን ጊዜ ሰውነታቸው እጅግ ተጐድቶ ነበር። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ለዕረፍት በጆርጂያ ክፍለ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ዋርም ስፕሪንግስ ሄዱ፤ በዚያም በአፕሪል 12 ቀን 1945 በ63 ዓመታቸው አረፉ።

በዚያው ወር በ25ኛው ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ሊከፈት የታቀደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የ5 ሳንቲም ቴምብር ተዘጋጅቶለት፣ ንድፉን ፕሬዚዳንቱ አስቀድመው ፈቅደውታል። ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የተሠራ ቴምብር ነው። ከሞታቸው በኋላ ስማቸው በንድፉ ላይ ተጨመረበት። በመክፈቻው ዕለት የተመታውን ኤንቨሎፕ ዛሬ የሚይዝ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይይዛል፤ ሰውየው ሊገኙበት ያሰቡትን ቀንና ለመገኘት አለመብቃታቸውን።

የመታሰቢያ ቴምብሮቻቸው ወዲያው ተከተሉ። የ3 ሳንቲሙ ዋይት ሐውስን ይዞ በጁን 27፣ የ1 ሳንቲሙ የሃይድ ፓርክ ቤታቸውን ይዞ በጁላይ 26፣ የ2 ሳንቲሙ የዋርም ስፕሪንግስን ቤት ይዞ በኦገስት 24 ቀን 1945 ወጡ፤ 4ኛው የ5 ሳንቲም ቴምብር በልደታቸው ቀን በጃንዋሪ 30፣ 1946 ተከተለ። የመጀመሪያ ቀን ኤንቨሎፖቻቸው በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ስለ ሆኑ በገበያ ላይ ዛሬም ርካሽ ናቸው። ልጆቹን ማስጀመር የሚፈልግ ባልደረባ ቢኖር ከእነዚህ የተሻለ መነሻ አናውቅለትም።

ትልቁ ስብስብ ግን አልተቀመጠም። ከፌብሩዋሪ 1946 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሐርመር በተባለው ድርጅት በየተራ በጨረታ ተሸጦ ከ200,000 ዶላር በላይ አወጣ። ባለሙያዎች ከገመቱት እጅግ የሚበልጥ ነበር፤ ገዢዎቹ ከፍ ያለ ዋጋ የከፈሉት ለቴምብሩ ሳይሆን ለነካው እጅ ነው። አጫራቹ በየአልበሙ ገጽ ጀርባ የሩዝቬልት ስብስብ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምልክት አተመበት፤ ገጾቹም ወደ ብዙ አገር ተበታተኑ። በጨረታው ውስጥ ከመንግሥት ማተሚያ ቤት የተገኙ የንድፍ ማስተያያዎችም ስለ ነበሩ፣ የ1935ቱ ጥያቄ እንደ ገና ቢነሣ አያስደንቅም ነበር፤ ባለቤቱ መልስ ሊሰጡበት የማይችሉበት ጊዜ ነበር እንጂ።

ከአሜሪካ ውጭም ብዙ አገሮች የሩዝቬልትን መልክ አትመዋል። ኢትዮጵያ በ1947 በስማቸው የመታሰቢያ ቴምብሮች አወጣች። በዚያው ዓመት ትንሿ ሞናኮ ፕሬዚዳንቱ በጠረጴዛቸው አጠገብ ተቀምጠው ቴምብር ሲመለከቱ የሚያሳይ ቴምብር አሳተመች፤ ከሁሉም ይልቅ እርሳቸውን የሚመስለው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሰብሳቢዎችም እንደ ልማዳቸው ቴምብሩን በማጉያ መነጽር ሲመረምሩ፣ ሠዓሊው በፕሬዚዳንቱ ግራ እጅ ላይ ስድስት ጣት ሥሎ አገኙት።